ጥቁሩ መስኮት

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የሁለት ፕሌይስቴሽን ጨዋታ ጎን ለጎን ለመቅዳት ተቀመጥን። ሁለት የቪዲዮ መቅረጫ ካርድ፣ አንድ ኮምፒውተር። የመጀመሪያው ምስል ወዲያው መጣ፤ ሁለተኛው መስኮት ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ገመድ ቀየርን። አጥፍተን አበራን። ኤችዲሲፒ የሚባለውን የቅጂ መከላከያ ከፕሌይስቴሽኖቹ ላይ አስቀድመን ዘግተነዋል። የተበላሸ ዕቃ ሸጠህልኛል ብዬ ከሻጩ ጋር ልጣላ ስልኬን ሳነሳ ወንድሜ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ካርዶች እኮ የተሰኩት አንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ነው» አለኝ።

ያልታመቀ (መጠኑ ያልተቀነሰ) የ1080ፒ ምስል በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሄድ ብቻውን በሰከንድ 2 ጊጋቢት ገደማ ይፈልጋል። የዩኤስቢ 3.0 መስመር በሰከንድ 5 ጊጋቢት ይባልለታል እንጂ በተግባር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሁለቱን ካርዶች በአንድ ጠባብ በር ልናሳልፍ ስንታገል ነበር የዋልነው። ወንድሜ አንዱን ነቅሎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካው፤ ምስሉ መጣ።

ካርዶቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በፕሮግራሙ ላይ ስማቸውም አንድ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ወንድሜ የእህታችንን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥቶ በአንደኛው ካርድና በገመዱ ጫፍ ላይ ነጠብጣብ አደረገበት። እኔ፣ ሻጩን ልወቅስ የቸኮልኩት ሰው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያልኩ ያዝኩለት።

እህታችን ቀለሟን እስካሁን እየፈለገች ነው።