ማሩ ሼከሩ ሥር ቀረ

ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ የባር ኃላፊ ነኝ። ከመጠጥ ዝርዝራችን አንድ በጣም የምወደው ኮክቴል አለ። ጅን፣ ሎሚና ማር ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ፈረንጆቹ ቢዝ ኒዝ ይሉታል። እኛ ግን «ጅን በጎጃም ማር» ብለን ነው የጻፍነው። ደንበኛው ምን እንደሚጠጣ አንብቦ ይወቅ ብዬ ነው።

መጠጡ የቆየ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል በሕግ ተከልክሎ ነበር። በዚያ ዘመን ተደብቆ የሚወጣው ጅን ብዙ ጊዜ ጣዕሙ የከፋ ነበር። ሎሚና ማር ሲገባበት ያ መጥፎ ጣዕም ይሸፈናል። በፓሪሱ ሪትዝ ሆቴል ባርማን የነበረው ፍራንክ ማየር ነው የፈጠረው የሚሉም ብዙ ናቸው። ማንም ይፍጠረው፣ ዛሬ ደህና ጅን አለ። የሚሸፈን ነገር የለም። ስለዚህ የሚቀመሰው ማሩ ራሱ ነው። እኔ መጠጡን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። የሰውን ልፋት፣ የአገሩን አበባ አፍህ ላይ ያመጣልሃል።

የእኛ አካባቢ ዋናው ማር የሚቆረጠው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። አደይ አበባውና መቹ ሜዳውን ቢጫ ሲያደርገው ንቡ ይሠራል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይቆረጣል። እኛ የምንገዛው ከጮቄ ተራራ በታች ካለ ቀበሌ፣ ከአንድ አያ ከምንላቸው ንብ አርቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከእሳቸው ሌላ አንገዛም።

ነገሩ የሆነው በጥር ነው። ጥር እንግዲህ የሰርግ ወር ነው፤ ቅዳሜ ማታ ባሩ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ለሰርግ የመጡ ሰዎች ጥጉ ላይ ያለውን ጠረጴዛ ይዘዋል። ባንኮኒው ላይ አንድ ወጣት ልጅ ነበር። ቡና ማሽን ላይ ቆይቶ ገና ወደ መጠጥ የተዛወረ፣ ሥራ የሚወድ፣ እጁ ፈጣን ልጅ ነው። እኔ በወዲያኛው ጫፍ ከካሸሯ ጋር ሒሳብ ላይ ነበርኩ።

ከእንግዶቹ አንዷ «ጅን በጎጃም ማር» አዘዘች። ልጁ ባንኮኒው ኋላ ያለውን የአሠራር ካርድ አየ። ካርዱ «ጅን፣ ሎሚ፣ ማር» ይላል። ጅኑን በጂገር፣ በትንሿ የመጠጥ መለኪያ፣ ለካ፣ ሎሚ ጨመቀ፣ ከማሩ ዕቃ ሙሉ ማንኪያ ዝቆ ሼከሩ ውስጥ፣ መጠጥ በሚናጥበት ባለ ክዳን ዕቃ፣ ከተተ። በረዶ ሞላበት። ደህና አድርጎ ናጠው፣ አጥልሎ ሰጣት።

እሷ አንዴ ቀመሰችና ብርጭቆውን መለሰችው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ማሩን የረሳኸው መሰለኝ። ሎሚ ብቻ ነው።»

«ኧረ እህቴ፣ ሙሉ ማንኪያ ነው የጨመርኩት።»

«ታዲያ የት ገባ?»

ልጁ ሼከሩን ከፈተ። ማሩ ሥሩ ላይ እንደ ሰም ደርቆ ተጣብቋል። በረዶው ላይም ቁርጥራጩ አለ። አብሯት የነበረ ሰውዬ ቆሞ አየና «ይኼ ማር አይደለም፤ ስኳር ነው። እየው፣ ፍሬ ፍሬ ሆኗል» አለ። ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ሌሎች ጠረጴዛዎችም ዞሩ።

ያኔ ነው ልቤ የደነገጠው። ኮክቴል ሲበላሽ ሌላ ይሠራል፤ ኪሳራው አንድ መለኪያ ጅን ነው። የአንድ ንብ አርቢ ስም ግን በሞላ ቤት «ስኳር የሚቀላቅል» ተብሎ ሲጠራ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። አያ ደግሞ ቀፏቸውን ልጅ እንደሚያሳድጉ ሆነው የሚጠብቁ ሰው ናቸው።

ሄጄ እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። እኛ ማሩን ሁልጊዜ አስቀድመን በሙቅ ውሃ ፈትተን፣ ሽሮፕ አድርገን፣ በጠርሙስ ነው የምናስቀምጠው። ጠርሙሱ ባዶ ነው። የቀን ሺፍቱ ጨርሶታል፤ አልተተካም፣ ለልጁም የነገረው የለም። ካርዱ ላይም ሽሮፕ የሚል ቃል የለም።

ልጁን ወደ ጎን ወስጄ «ማር በረዶ ውስጥ አይሟሟም» አልኩት። የመለሰልኝን አልረሳውም።

«አውቃለሁ ጋሼ። እማዬ ጠጅ ነጋዴ ናት። ጠጅ ስትጥል መጀመሪያ ማሩን በውሃ ነው የምትበጠብጠው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምበጠብጥላት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ለምን ተውከው?»

«የፈረንጅ መጠጥ ነዋ ጋሼ። ካርዱ ማር ነው የሚለው። የቤት አሠራር እዚህ አይገባም ብዬ ነው።»

ይኼ ልጅ ማርን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ እያደረገ፣ ጋን ሙሉ በክንዱ ሲበጠብጥ ያደገ ነው። ሰፈፉ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ መቼ እንደሚገፈፍ፣ ብርዙ ጠርቶ መቼ ለጌሾ እንደሚደርስ ያውቃል። ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ባንኮኒ ኋላ ሲቆም ግን ያን ሁሉ ዕውቀት በር ላይ ትቶት ገባ። ማንም ተው አላለውም። ማንም ይዘኸው ግባም አላለውም። ሥልጠና ስንሰጥ ሼከር አያያዝ፣ የብርጭቆ ዓይነት፣ የውጭ መጠጦች ስም ነው የምናስተምረው። ቤትህ ምን ታውቃለህ ብሎ የሚጠይቅ አሠልጣኝ እኔ አላየሁም። በጣም ያሳዝነኛል። ጠጅ ቤት ያደገ ልጅ ስለ ማር፣ ካቲካላ ከሚያወጣ ቤት የመጣች ልጅ ስለ እሳትና ስለ ትነት የምታውቀው ነገር ትልቅ ሙያ ነው።

«በል እማዬ እንደምታደርገው አድርገው፤ ውሃውን ብቻ አሳንስ» አልኩት።

እንግዶቹ እያዩት ሠራ። አንድ ሲኒ ማር፣ አንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ። የፈላ አይደለም፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ የማሩን ሽታ ይዞት ይሄዳል፤ የአበባው ሽታ ከሄደ ደግሞ የቀረው ጣፋጭነት ብቻ ነው። በማንኪያ አማሰለው። ያ ፍሬ ፍሬ ያለው ነገር ሟምቶ ወርቃማ ሆነ። የሰም ብናኝ ስላለው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጠለለው፤ ይኼንንም ማንም አልነገረውም፣ የእናቱን ቤት ልማድ ነው ያደረገው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በረዶ ላይ አስቀምጦ አቀዘቀዘው። ከዚያ ጅን፣ ሎሚ፣ የማር ሽሮፕ፣ በረዶ። ናጠ። በቀዘቀዘ ብርጭቆ አጥልሎ ሰጣት።

ቀመሰች። «አሁን ማሩ መጣ» አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ባንኮኒው አስጠጋችና «እኔም ቤት ስሠራው እንዲሁ ነው የሚሆንብኝ። ማሩ ሥሩ ላይ ይቀራል፤ ጅኔ ነው መጥፎው እያልኩ ጅን ስቀይር ኖርኩ» አለችኝ። እንግዲህ ለእሷ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው።

ማር ከመቶ ሰማንያ እጅ ያህሉ ስኳር ነው፤ ውሃው ከሃያ እጅ በታች ነው። በጣም ወፍራም ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ጨርሶ ይጠነክራል። ሼከር ውስጥ ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በረዶው ከመግባቱ በፊት ማሩ መፈታት አለበት። አንድ እጅ ማር፣ አንድ እጅ ሙቅ ውሃ። በተከደነ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል።

ቤት ውስጥ ጂገር ከሌለ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ አንዱ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። አራት ማንኪያ ጅን፣ አንድ ተኩል የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ተኩል የማር ሽሮፕ። ሼከር ከሌለ ክዳኑ የሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስ ይሆናል። በረዶውን ሞላ አድርጎ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ደህና አድርጎ መናጥ ነው፤ ጠርሙሱ በቅዝቃዜ እጅ ማቃጠል ሲጀምር ደርሷል። ከበረዶው ቀልጦ የሚገባው ውሃም የመጠጡ አካል ነው፤ እሱ ከሌለ ኃይለኛ ይሆናል። በሻይ ማጥለያ ማጥለል ነው።

ሎሚው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የውጭ አገር መመሪያ የሚለው ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው። ገበያችን ላይ የሚበዛው ትንሹ፣ ቆዳው ስስ የሆነው ሎሚ ከእሱ ይልቅ ይኮመጥጣል። በእሱ ሲሠራ ጭማቂውን ወደ አንድ ማንኪያ ከሩብ ዝቅ አድርጎ መቅመስ፣ ካነሰ መጨመር ይሻላል። ሎሚው በዚያው ሰዓት ይጨመቅ። ጠዋት ተጨምቆ የዋለ ጭማቂ ይመራል። የጥድ ፍሬ ልጨምርበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጅን ጠረኑን የሚያገኘው ከጥድ ዘመድ ፍሬ ነው ሲባል ሰምታ ነው። ያ ፍሬ ከደጃችን ጥድ ፍሬ የተለየ ዝርያ ነው። አይጨመርም።

ሰውዬው ግን ገና አልለቀቀም። «እሺ፣ ማሩ ለምን ፍሬ ሆነ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የረጋ ማር ሲያይ ስኳር የተቀላቀለበት ይመስለዋል። ማር ውስጥ ግሉኮስ የሚባል ስኳር አለ። እሱ ጊዜ ሲያገኝና ሲቀዘቅዘው ይረጋል። ቶሎ የሚረጋው ወደ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ የደብረ ማርቆስ የጥር ሌሊት ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። አበባውም ይለያያል፤ አንዱ ማር በሳምንታት ይረጋል፣ ሌላው ወራት ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ መርጋቱ ብቻውን ንጹሕ ነው አያሰኝም፣ ቅልቅል ነው ብሎ ለመፍረድም አይበቃም። ይህን ሁሉ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አመንኩህ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት አያ ራሳቸው መጡ። እንግዶቹ ቁርስ ላይ ነበሩ። ልጁ ሰውዬውን አስተዋወቃቸው፣ ማታ የሆነውንም ሳይደብቅ ነገራቸው። እኔ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የማሩን ዕቃ ከፍተው ጣታቸውን ነከሩ።

«ብርድ ነው ልጄ» አሉት ሰውዬውን። «ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን አስቀምጠው፤ ይመለስልሃል። እሳት ላይ እንዳትጥደው ብቻ።»

ሰውዬው ተነሥቶ እጃቸውን ይዞ «አያ፣ ማታ ክፉ ተናግሬአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ለአዲስ አበባ የሚወስደውን ማር ከእሳቸው ገዛ። ስንት ኪሎ እንደሆነ አላየሁም፤ ከባድ ነበር፣ ልጁ ነው እስከ መኪናው የተሸከመለት።

ከዚያ ወዲህ ባሩ ውስጥ ጥቂት ነገር ቀየርን። ካርዱ ላይ «ማር» የሚለው ተሰርዞ «የማር ሽሮፕ፣ አንድ ለአንድ፣ በሙቅ ውሃ» ተብሎ ተጻፈ። ሺፍት ሲቀየር የሚወጣው ለሚገባው ጠርሙሶቹን እያሳየ ያስረክባል፤ ሽሮፑ የተሠራበት ቀንም ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል። አዲስ ሰው ሲቀጠር ደግሞ ከሥልጠናው በፊት እናትህ፣ አባትህ፣ አያትህ ምን ይሠራሉ፣ አንተስ ምን ታግዛቸው ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። የሽሮፑ ሥራ የልጁ ሆኗል። እኔ ከምሠራው የተሻለ ነው የሚሠራው፤ ይኼንን ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም ነግሬዋለሁ።

ያን ጠዋት እንግዶቹ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሾፌራቸው ማታ ሁሉም ሲጠጣ ለስላሳ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። ከፊቱ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከደጀን ወደ ታች ያለውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሾፌር ቀልድ አያውቅም። ልጁ ማንም ሳያዘው ረጅም ብርጭቆ አወጣ። የማር ሽሮፕ፣ ሎሚ፣ በረዶ፣ ላዩን አምቦ ውሃ። ወስዶ ሰጠው።

ሾፌሩ ጠጥቶ «ምንድን ነው ይኼ?» አለው። «መጠጥ አለበት እንዴ?»

«የለበትም ጋሼ። የእማዬ ብርዝ ነው፤ ሎሚና አምቦ ውሃ ብቻ ነው የጨመርኩበት።»