ግማሽ መንገድ የተነሳ እጅ

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። እስከ ትከሻዋ ብቻ። ዞር ብላ ከኋላዋ የተቀመጡትን አየችና መልሳ አወረደችው። «ይተዉት መምህር፣ ገብቶኛል» አለችኝ። እንዳልገባት ፊቷ ይናገራል።

ስወጣ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «ጥያቄ ነበረኝ፤ ይቀርጹኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አለች። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ልጅ ውይይት ላይ የተናገረውን በስልክ ቀርጸው፣ ግማሹን ቆርጠው፣ ቴሌግራም ላይ ለቀውበት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስድብ ሲወርድበት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሷም ከእሱ ተምራለች።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመናገር ነፃነት አደጋ ላይ ነው ሲባል ቶሎ የሚታየን ፖሊስና የስንብት ደብዳቤ ነው። እነሱም አሉ፣ ድሮም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመን አገር ጎቲንገን ላይ ሰባት ፕሮፌሰሮች የሃኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን መሻሩን ስለተቃወሙ ተባረሩ። በተረቶቻቸው የምናውቃቸው የግሪም ወንድማማቾች ከሰባቱ ሁለቱ ናቸው።

እኔ ግን ዛሬ ማታ የማስበው የበርክሌይዋን መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፖሊስ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጃክ ዋይንበርግ የሚባል ወጣት ይዞ መኪና ውስጥ አስገባው። ለሲቪል መብት ትግል ድጋፍ የሚሰበስብበት ጠረጴዛ ዘርግቶ ነበር። ተማሪዎቹ መኪናዋን ከበው ለ32 ሰዓት ያህል አላስነቃንቅ አሉ። ጣሪያዋ ላይ እየወጡ ንግግር ያደርጉ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ማሪዮ ሳቪዮ የወጣው መኪናዋ እንዳትጎዳ ጫማውን አውልቆ ነው። ይቺን ጫማ ማውለቅ በጣም እወዳታለሁ። ተቆጥቷል፣ ግን ለሚቃወመው ሰው ንብረት ይጠነቀቃል።

እነዚያ ልጆች የሚከቡት መኪና ነበራቸው። የእኔዋ ተማሪ ምኑን ትክበብ? ስልኩ በማን ኪስ እንዳለ እንኳ አታውቅም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ዓምና ከውይይት ርዕሶቼ አንዱን ሰርዤዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ዲኑም አልጠራኝም። «ምን አስጨነቀኝ፣ ይቅርብኝ» ብዬ ራሴ ነኝ የሰረዝኩት። ተማሪዎቼ ያ ርዕስ እንደነበረ አያውቁም። ከሁሉ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የተባረረ መምህር ቢያንስ ስሙ ይነሳል፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን ማን ያነሳዋል?

ማስፈራራትና ሰውን በማንነቱ ማዋረድ ይፈቀድ እያልኩ አይደለም። እሷ የፈራችው ግን ስድብ ለመሳደብ አልነበረም። ለመጠየቅ ነው።

ጥያቄዋን ኮሪደር ላይ ነገረችኝ። ግሩም ጥያቄ ነው፤ እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ነገ ክፍል ውስጥ ላንሳው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበች። «ስሜን ካልጠሩ» አለች።

ለነገ ባዘጋጀሁት ወረቀት አናት ላይ ጽፌዋለሁ። ከሥሩ የዓምናውን ርዕስ መልሼ አስገብቻለሁ።