የመሐንዲሱ ውሳኔ የት አለ?

እዚህ ቶሮንቶ፣ አገር ቤት ተምረውና ሠርተው የመጡ መሐንዲሶችን ለሙያ ፈቃድ ቃለ መጠይቅ ሳዘጋጅ አንድ ነገር ደጋግሜ እታዘባለሁ። አብዛኞቹ ይዘው የሚመጡት የፕሮጀክት ዝርዝር ነው፤ የመንገዱ ርዝመት፣ የሕንፃው ፎቅ ብዛት፣ የውሉ ዋጋ፣ የአሠሪው መሥሪያ ቤት ስም በጥንቃቄ ተጽፎ ይቀርባል። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ግን በዚያ ሥራ ላይ አመልካቹ ራሱ ምን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነና ውሳኔው ምን እንዳስከተለ ነው። መልሱ በእጃቸው እያለ መልስ የሌላቸው መስለው የሚወጡ ሰዎችን ማየት ያስቆጨኛል።

ቶሮንቶ በምትገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ፈቃዱን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው ፕሮፌሽናል ኢንጂነርስ ኦንታሪዮ ነው። ቀድሞ ከሚጠየቀው የ48 ወር የሥራ ልምድ ውስጥ ቢያንስ 12 ወሩ ካናዳ ውስጥ፣ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር የተሠራ መሆን ነበረበት፤ ይህ ግዴታ የተነሣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ነው። ያችን አንድ ዓመት የሚሰጣቸው ቀጣሪ ሲፈልጉ፣ ታክሲ እየነዱና መጋዘን ውስጥ ሌሊት እየሠሩ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ስለማውቅ ለውጡ እጅግ የዘገየ ነው እላለሁ። አሁን ልምድ የሚመዘነው በሰባት ዘርፎች በተከፈሉ 34 የብቃት መለኪያዎች ሲሆን፣ አመልካቹ የገጠመውን ሁኔታ፣ የወሰደውን እርምጃና ውጤቱን ይጽፋል፤ ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ሰውም ያረጋግጥለታል። ማብራሪያ ሲያስፈልግ ለቃለ መጠይቅ ሊጠራ ይችላል። የአገር ቤት ልምድ በሩ ተከፍቶለታል፤ ነገር ግን ባለቤቱ አፍ አውጥቶ ካላስረዳው በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን የተቀመጥነው ሰው በዕድሜ ብዙ ይበልጡኛል፤ ጋሼ እያልኩ ነው የማነጋግራቸው። የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ሁሉንም ለመሥሪያ ቤታቸው ሰጥተው ራሳቸውን ወደ ኋላ ይሸሽጋሉ፤ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በዚያ ቀን ሳይት ላይ ባይኖሩ ኖሮ ምን ይበላሽ ነበር?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሱማ የጭቅጭቅ ታሪክ ነው፤ ለዚህ የሚሆን አይመስለኝም» አሉ።

ታሪኩን ግን ነገሩኝ። ሥራ ተቋራጩ የአንድ ቦክስ ከልቨርት (ውኃን ከመንገድ ሥር የሚያሳልፍ የኮንክሪት ሣጥን) መሠረት ቆፍሮ ጨርሶ፣ ሊን ኮንክሪት (ከመሠረት ሥር የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት) ሊያፈስ ተሰናድቷል። እሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ሲያዩ፣ መረሬው አፈር ዲዛይኑ ከገመተው ጥልቀት በታችም የሚቀጥል መሰላቸው፤ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍረው አረጋገጡ። መረሬ ክረምት ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በጋ ሲደርቅ የሚኮማተርና የሚሰነጠቅ አፈር ስለሆነ፣ ከላዩ የተቀመጠ መዋቅር እኩል ባልሆነ መጠን እየተነሣና እየወረደ ይጎዳል። የኮንክሪቱን ሥራ አስቆሙ፤ ምክንያቱን በሳይት ቡክ (በሥራ ቦታው መዝገብ) ላይ ጽፈው ፈረሙ፤ መረሬው ተጨማሪ ተቆፍሮ እንዲወጣና ገረጋንቲ በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ እንዲተካ ለተጠሪ መሐንዲሱ፣ ማለትም ለፕሮጀክቱ የቁጥጥር ኃላፊ፣ በደብዳቤ አሳወቁ። ተቋራጩ ስለባከነው ጊዜ የካሳ ጥያቄ አነሣ፤ ከላይም «ዝናቡ ሳይገባ ጨርሱልን» የሚል ቁጣ መጣ። ተተኪው ሙሌት ተመርምሮ እስኪያልፍ ድረስ እሳቸው አልፈረሙም።

እኔ ይህን ስሰማ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የቴክኒክ ፍርድ፣ በጽሑፍ መግባባት፣ የወጪና የጊዜ ጉዳይ፣ የሙያ ተጠያቂነት፣ ሁሉም በዚህ አንድ ጭቅጭቅ ውስጥ ይገኛል። ቀጥዬ፣ «እዚህ ኦንታሪዮ ቢሆንስ መሠረቱን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ሳያመነቱ «ውርጩ» አሉ። በቶሮንቶ አካባቢ የመሠረት ግርጌ 1.2 ሜትር ያህል ወደ መሬት የሚወርደው፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ መዋቅሩን እንዳያነሣው መሆኑን ከመረሬው ጋር እያነጻጸሩ አስረዱኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን የተዘጋጀ ጽሑፍ ማንም ሊሸጥላቸው አይችልም። በገንዘብ ተገዝተው የሚሸመደዱ መልሶችን አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው፤ ጠያቂው «ለምን?» ብሎ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቅ የተሸመደደው ያልቃል፣ የራስ ታሪክ ግን ገና ይጀምራል።

ጠያቂዎቹ መሐንዲሱ ላይ ስለሚደርስ ጫና አጥብቀው የሚጠይቁበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 በሰሜን ኦንታሪዮ በምትገኘው ኤሊየት ሌክ የአንድ የገበያ ማዕከል ጣሪያ ተደርምሶ ሁለት ሴቶች ሞተዋል። ጣሪያው የመኪና ማቆሚያ ስለነበር ጨው ያዘለ ውኃ ለአሥርተ ዓመታት እየሰረገ የብረት መገጣጠሚያውን በልቶት ነበር። በዚያው ዓመት ሕንፃውን የመረመረ መሐንዲስ በባለቤቱ ጥያቄ ሪፖርቱን መለወጡ በኋላ በተካሄደው የሕዝብ ምርመራ ተገልጧል። የክፍለ ግዛቱ የመሐንዲሶች ሥነ ምግባር ደንብ የሕዝብን ደኅንነት ከሁሉ የሚያስቀድም ነው። ስለዚህ የካሳ ጥያቄና ቁጣ እየወረደበት ፊርማውን የከለከለ ሰው ያንን ቀን አፍሮበት ዝም ሊል አይገባም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊናገረው የሚገባው እሱን ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የአረጋጋጩ ጉዳይ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ አለቃ ጡረታ ወጥቷል ወይም በሕይወት የለም፤ ድርጅቱ ተዘግቷል፤ ሰውየው ቢገኝም የኢሜይል መልእክቱን ከፍቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቅጽ ለመሙላት ይቸገራል። አገር ቤት ያላችሁና ለመውጣት የምታስቡ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን፣ የፈረማችሁባቸውን ሰነዶች ዝርዝርና የአለቆቻችሁን የግል ስልክ አሁኑኑ ሰብስቡ። የጋሼ ተጠሪ መሐንዲስ የነበሩት ሰው አዲስ አበባ እንዳሉ ከአንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ሰምተናል፤ ስልካቸውም ተገኝቷል። በዚህ ሳምንት ደውለን ስለ ቅጹ በአማርኛ እናስረዳቸዋለን።