እጀታውን አታንቀው

በስናን ወረዳ፣ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩት አጎቴ በረዶ ብለው የሚያውቁት ክረምት ላይ አዝመራ የሚያወድመውን ጠጠር በረዶና በጥቅምት ማለዳ ሣሩን የሚያነጣውን አመዳይ ነው። ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ ለመውጣት የረዳኝን ትልቁን ትምህርት ግን ያገኘሁት ከእርሳቸው ነው።

ለትምህርት ኖርዌይ በነበርኩበት ጊዜ ጓደኞቼ ርዩካን ወደምትባል ከተማ ወሰዱኝ። ከተማዋ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ አያገኛትም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ከተራራው ላይ ትልልቅ መስታወቶች ተተክለው ብርሃን ወደ አደባባይዋ እንዲመልሱ ተደርጓል። በዙሪያዋ ያሉት ፏፏቴዎች በብርዱ ረግተው ስለሚቆሙ የበረዶ ግድግዳ መውጣት የሚወዱ ሰዎች ይጎርፉባታል። ጮቄን ስወጣና ስወርድ ያደግሁ ስለሆንኩ እንደማይከብደኝ እርግጠኛ ነበርኩ። በእርግጥም ትንፋሼና እግሬ አልከዱኝም። የከዳኝ ክንዴ ነው። ጥቂት ሜትሮች እንደወጣሁ ጣቶቼ በየእጄ ይዤ በረዶው ላይ እየተከልኩ የምወጣባቸውን መጥረቢያዎች መያዝ አቃታቸው፤ በገመድ አውርደውኝም ከወገቤ ላይ ያለውን ቋጠሮ የፈታልኝ ሌላ ሰው ነበር።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት። እጀታን አጥብቀን ስንጨብጥ የክንድ ጡንቻ የራሱን የደም ሥሮች ይጫናል፤ እጅ ከልብ በላይ ተሰቅሎ ሲቆይ ደግሞ ደሙ ይብስ ስለሚቀንስ ጡንቻው ይዝላል፣ ይደነዝዛል። በብርድ የደነዘዘ እጅ ደሙ ሲመለስለት የሚሰማው ሕመም ሰውን እስከማስመለስ ያደርሳል።

በቀጣዩ ክረምት ለእረፍት ወደ አገሬ ገብቼ የአጎቴን የባሕር ዛፍ ግንድ ስፈልጥ፣ ገና ከመጀመሬ ክንዴ ዛለ። አጎቴ ትንሽ ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እጀታውን አታንቀው፤ ምሳሩ ራሱ ይሠራል፣ አንተ መንገዱን ብቻ አሳየው» አሉኝ። እርሳቸው ምሳሩን ከትከሻ ያነሱታል፣ ከመውደቁ በፊት በእጅ አንጓቸው ጥቂት ያጣድፉታል፣ እንጨቱን ሲመታ ግን ጣታቸው ላላ ያለ ነው። የበረዶ መጥረቢያም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሚመታበትን ቦታ መምረጥም እንደ ግንዱ ነው፤ ጎበጥ ያለ በረዶ ተሰንጥቆ ይረግፋል፣ ጎድጎድ ያለው ግን ይይዛል።

ሌላው ስህተቴ ተረከዜን ማንሳቴ ነበር። በጫማ ላይ የሚታሰረው ክራምፖን ወደ ፊት የወጡ ጥርሶች አሉት፤ ተረከዝ ሲነሳ ጥርሶቹ ከበረዶው ይፈናቀላሉ፣ ባትም ይቃጠላል። ተረከዝን ዝቅ፣ እግሮችን ሰፋ አድርጎ፣ አንዱን መጥረቢያ ከራስ በላይ በመካከል ተክሎ፣ ክንድን ሳያጥፉ መንጠልጠል ያስፈልጋል፤ ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው አጥንትና እግር ነው። ነፃ የሆነውን እጅ ወደ ታች አውርዶ ማራገፍ ደግሞ ጊዜ ማባከን ቢመስልም፣ በእኔ እምነት ከማንኛውም የጡንቻ ልምምድ ይበልጣል።

ያም ሆኖ ልምምዱን አልተውኩም። ቀሪውን ክረምት በሳምንት አንድ ቀን ከባድ ጆንያ ተሸክሜ፣ ማውራት በሚያስችል እርምጃ ወደ ጮቄ እየወጣሁ ጅባራ የተባለው የከፍተኛ ቦታ ተክል እስከሚበዛበት ድረስ እደርስ ነበር፤ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ ትንፋሽን በደንብ ይገራል። ለባቴ በእግር ጣቶቼ ጫፍ ድንጋይ ላይ ቆሜ ተረከዜን ዝቅ አደርግ ነበር፤ ለክንዴ ደግሞ ከበረቱ አግዳሚ እንጨት ላይ ግማሽ ደቂቃ ተንጠልጥዬ ያንኑ ያህል በማረፍ እደጋግም ነበር። እንጨቱንም እስከ መጨረሻው ፈለጥኩ።

ጥር ላይ ወደዚያው ፏፏቴ ተመለስኩ። አንድ ቦታ ላይ ፈርቼ እጀታውን ማነቅ ስጀምር የአጎቴ ቃል ትዝ አለኝና ጣቶቼን አላላሁ። ጫፍ ደርሼ በገመድ ወረድኩ፤ ቋጠሮውን የፈታሁትም ራሴ ነበርኩ።