የፀደይ ትምህርት በየካቲት ይጀመራል

ሁለት ልጆቼን የማስተምረው ቤት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ሆምስኩል የጀመሩ ወላጆች ስለ ተፈጥሮ ጥናት ሲያነሱ ብዙዎቹ "ይሙቅና እንወጣለን" ይላሉ። እኔ ግን ጃኬት ደርባችሁ አሁኑኑ ውጡ ባይ ነኝ። (እናቴ በስልክ "ልጆቹን ብርድ ልታስመቺያቸው ነው?" ትለኛለች። ኮፍያቸውን አሳይቼ አረጋጋታለሁ።)

ምክንያት አለኝ። እዚህ ጫካ ውስጥ ያሉት ትንንሽ አበቦች ቸኩለው ነው የሚያብቡት። ትልልቆቹ ዛፎች ቅጠል ካወጡ ታች ያለው መሬት ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ዛፎቹ ራቁታቸውን ሳሉ አብበው ዘር ይቋጥራሉ። ስፕሪንግ ቢዩቲ የምትባለው፣ ሮዝ መስመር ያላት ነጭ አበባ እንዲህ ናት። ሰኔ ሲገባ ቅጠሏ እንኳ አይገኝም። ሰማዩ ሲደምን ደግሞ ትከደናለች። ይህን የነገሩኝ ልጆቼ ናቸው፤ "እማዬ፣ አበቦቹ የት ሄዱ?" ብለው።

የምንሄደው ስላይጎ ክሪክ የተባለው ወንዝ ዳር፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። በየጊዜው ቦታ ከቀየራችሁ ሽርሽር ይሆናል እንጂ ለውጡ አይታይም። ገና በብርዱ ረግረግ ቦታ ላይ ስካንክ ካቤጅ የሚባለውን ተክል ፈልጉ። ራሱ ሙቀት እያመነጨ በዙሪያው ያለውን በረዶ ያቀልጣል። ሽታው የበሰበሰ ሥጋ ነው፤ ዝንብ ይጠራበታል። ልጅ ለማስደሰት ከዚህ የተሻለ ተክል አላውቅም።

ለእኛ አገር ሰው ሌላም ጥሩ መነሻ አለ። አደይ አበባ የሚፈነዳው ክረምቱ ዝናብ ካጠገበው በኋላ ነው። እዚህ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ አበባውን የሚቀሰቅሰው ሙቀቱና የቀኑ መርዘም ነው። ትልቋ ልጄ "አዲስ አበባስ ቀኑ ይረዝማል?" አለች። ሉል አምጥተን የምድር ወገብን ፈለግን። እዚህ የሰኔ ቀን 15 ሰዓት ገደማ ሲሆን የታኅሣሥ ቀን 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ። ጂኦግራፊውን በዚያው ጨረስን።

ዕቃው ደብተርና እርሳስ ነው። ቀን፣ የአየሩ ሁኔታ፣ አንድ ሥዕል፤ በቃ። የትንሹን ሥዕል አላርምም። የወፍ ድምፅ የሚለየው መርሊን የተባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነጻ አፕ ግሩም ነው፤ ስልኬን የማወጣው ግን ልጆቹ አይተው ከገመቱ በኋላ ነው። አፑ ከቀደመ ማየት ያቆማሉ። ቀኑን መጻፍ አትርሱ፤ ሜሪላንድ ቤት የሚማረውን ልጅ የሥራ ማኅደር ስለምትጠይቅ ደብተሩ ለሳይንስም ለሥዕልም ያገለግላል።

አየሩ ሲሞቅ መዥገር ይመጣል፤ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ አለች። ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ቤት ስትገቡ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ከጉልበት ኋላ ፈትሹ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ ካያችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ፖይዝን አይቪ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ረግፎም ቢሆን ሐረጉ ብቻውን ያሳክካል።