ግንዱን ከጽዳት ዘመቻ ጠብቁት

ለልጆች ስለ ፈንገስ ለማስተማር ያሰባችሁ መምህራን ካላችሁ አስቀድማችሁ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከመርዛማ እንጉዳይ ሳይሆን ከግቢ ጽዳት ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የማስተምረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ መንገድ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሳይንስ ክበብ ልጆችን ይዤ የጀመርኩት በቀላሉ ነገር ነው። እርጥብ ዳቦ በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ እስኪሻግት ማቆየት፤ ከረጢቱን ግን ፈጽሞ አለመክፈት። ሊጥ ከሚያቦኩት ደቂቅ ሕያዋን መካከል ፈንገስ እንዳለ፣ የስንዴ ዋግም ፈንገስ እንደሆነ፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ያገኘው ከሻጋታ እንደሆነ መንገር። የእንጉዳይ ባርኔጣ ቆርጦ ግማሹን በነጭ፣ ግማሹን በጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጦ ብርጭቆ ደፍቶበት ማሳደር። ጠዋት ብርጭቆው ሲነሣ ከባርኔጣው ሥር ያሉት ስስ ንጣፎች በዱቄት መስመር ተስለው ይገኛሉ፤ ዱቄቱ የእንጉዳዩ ዘር ነው። ልጆቹ ትንፋሻቸው ዱቄቱን እንዳይበትነው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚያዩት።

የትምህርቱ እምብርት ግን የበሰበሰ ግንድ ነው። የረገፈ ቅጠልና የወደቀ ዛፍ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ልጅ እንጉዳይ ስለሳለ ስለ ፈንገስ ተማረ አልልም። ችግሩ እንጉዳይ በብዛት የሚወጣው በክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ መሆኑ ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ ጥላ ሥር አጋደምን። መስከረም ላይ ስንመለስ ጎኑን እንጉዳይ ወርሶታል። ቅርፊቱን ስናነሣው ከሥሩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግቷል። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ሥሩ ነው?» አለችኝ። ሥር ሳይሆን ዋናው አካሉ እሱ እንደሆነ፣ እንጨቱን እየፈጨ የሚመገበውም በዚያ ክር እንደሆነ፣ እንጉዳዩ ዘሩን የሚበትንበት ክፍል ብቻ መሆኑን ነገርኳት። ክሩን በጣቷ ነካች፤ እንጨቱ እንደ ቆሎ በእጇ ላይ ተፈረፈረ።

ጥቅምት ላይ የግምገማ ቡድን መጣ። ከቡድኑ አንዱ ግንዱን ሲያይ ፊቱን አጨማደደና «የጅብ ጥላ በትምህርት ቤት ግቢ? ልጅ ቢነካው ማን ይጠየቃል?» አለ። የእንጉዳይ መርዝ የሚጎዳው ሲበላ እንጂ ሲነካ እንዳልሆነ አስረዳሁት። ዓይኑን ከቅጹ ላይ አላነሣም። «ሳይንስ ከመጽሐፉ ይማሩ» ብሎኝ አለፈ። ርእሰ መምህሩ ነጥብ እንዳይቀነስበት በዚያው ቀን ትእዛዝ ሰጠ፤ ጥበቃው ግንዱን ፈልጦ ከቅጠል ክምር ጋር አቃጠለው፤ በቦታው ላይም ኖራ ተነሰነሰበት። ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ያገኙት አመድ ነው። የግምገማው ውጤት ሲመጣ ደግሞ «በተግባር የተደገፈ ትምህርት» በሚለው ረድፍ ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጥቶናል። ያን ወረቀት ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቅጠሉ መቃጠሉም ያንገበግበኛል፤ ለአፈሩ ሊመለስ የሚገባውን ምግብ በልጆች ፊት ጭስ አድርገን ሰደድነው።

እና ምክሬ «አትንኩ» ከሚለው መመሪያ ጋር አይስማማም። «አትንኩ» አትበሉ። ይንኩ፣ ያሽትቱ፣ ይፈርፍሩ፤ ወደ አፍ ግን ምንም አይገባም፤ ሲጨርሱ እጅ በሳሙና ይታጠባል። «አትንኩ» ብቻ የተባለ ልጅ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ከዱር የተለቀመ እንጉዳይ ግን ለቅምሻም ቢሆን አይፈቀድም። አንዳንዱ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙም ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ደኅና ነኝ ያለ ሰው ሊያታልል ይችላል። መብላት ከተፈለገ የሚበላ እንጉዳይ ዘር ከአምራች ገዝቶ በተቀቀለ የጤፍ ጭድ ላይ ማሳደግ ይቻላል።

ልጆቹን ወደ መናገሻ ሱባ ደን የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ከጽዱ ሥር እንጉዳይ ስላላያችሁ ፈንገስ የለም አትበሏቸው። ከጽድ ሥር ጋር ተጣምሮ ማዕድን የሚያቀብለው ፈንገስ እንጉዳይ አያወጣም፤ ሥራው ሁሉ ከአፈር በታች ነው።

ዘንድሮ ሌላ ጉማጅ አጋድመናል። ከጎኑ «የሳይንስ ክበብ መማሪያ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፤ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤም በርእሰ መምህሩ ፋይል ውስጥ አለ። ሁለቱንም ከግንዱ በፊት አዘጋጁ። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ይሁን። የጽድ ልብ ለአጥር ቋሚ የሚመረጠው ቶሎ ስለማይበሰብስ ነው፤ ልጆቹ ስምንተኛ ክፍል ደርሰው ከትምህርት ቤቱ ሲወጡም እንዳለ ሊቆይ ይችላል።