ሰኞና ሐሙስን መጾም እንዴት እንደለመድሁ

ረመዷንን መጾም ለእኔ ከባድ ሆኖ አያውቅም። ይህ የእኔ ብርታት አይደለም፤ ወሩን ከተማው በሙሉ አብሮ ስለሚሸከመው ነው። በደሴ ከአስር (የከሰዓት በኋላ) ሰላት በኋላ ከየቤቱ የአጃ ሾርባ ሽታ ይወጣል፣ በየመንገዱ ዳር ሳምቡሳና ቴምር ይደረደራል፣ መግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሰላት) ሲቃረብ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ያለው ሰው ወደ ቤቱ ይጣደፋል። በአንድ ተራ ሐሙስ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም። ሥራው አይቀልም፣ ቡናው አይቀርም፣ ማንም ሰው ጾመኛ መሆንህን አያውቅም። ግዴታ ያልሆነውን የሱና ጾም ልማድ ለማድረግ ስነሣ ቶሎ የተረዳሁት ይህንን ነው፤ በረመዷን ከተማው የሚያዘጋጅልኝን ነገር በተቀረው ዓመት ራሴ ለራሴ ማዘጋጀት ነበረብኝ።

የጀመርሁት ከሸዋል፣ ከረመዷን ቀጥሎ ካለው ወር፣ ስድስት ቀናት ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ (የነብዩ ንግግር)፣ አቡ አዩብ አል አንሷሪ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ረመዷንን ጾሞ ከሸዋል ስድስት ቀን ያስከተለ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደ ጾመ ይቆጠርለታል። ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ይህንን የሚያብራሩት አንድ መልካም ሥራ በአሥር እጥፍ ስለሚመነዳ ነው፤ 30ው ቀን 300፣ ስድስቱ ደግሞ 60 ይሆናል፣ ይህም የጨረቃን ዓመት ሞልቶ ያልፋል። ስድስቱን ቀን በተከታታይ መጾም ግዴታ ስላልሆነ እኔ ሰኞና ሐሙስ ላይ በታተንኋቸው። ሸዋል ሲያልቅ ታዲያ ሁለቱ ቀናት የሳምንቴ አካል ሆነው ቆዩ፤ አዲስ ነገር ከመጀመር ይልቅ የያዝሁትን አለመልቀቅ ብቻ ቀረኝ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱ ቀናት የተመረጡበት ምክንያት ይታወቃል። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሰው ሥራ ሰኞና ሐሙስ ወደ አላህ እንደሚቀርብና እርሳቸውም ሥራቸው ጾመኛ ሆነው ሳለ እንዲቀርብ እንደሚወዱ ተናግረዋል፤ ስለ ሰኞ በተለይ ሲጠየቁም የተወለዱበትና ወሕይ (መለኮታዊ ራእይ) የወረደላቸው ቀን መሆኑን ገልጸዋል። ይህንን ማወቄ በማለዳ ስነሣ ትልቅ ጉልበት ይሰጠኛል።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ጠዋት ጋቢ ለብሼ የወጣሁበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ያልበኛል። በአገራችን የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ጾሙ ከበጋ እስከ ክረምት ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ በደሴ ብርድ ረኀቡ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ጥሙ ካልሆነ በስተቀር ሰዓቱ ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። ለጥሙ የጠቀመኝ ውኃውን ሱሁር (ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ) ላይ በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ ከመግሪብ እስከ መኝታ ከፋፍሎ መጠጣትና ሱሁር ላይ ጨውና በርበሬ የበዛበትን ወጥ መተው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምበላው በሶ ወይም ከማታ የተረፈ እንጀራ በአልጫ ነው። እንቅልፍ ላለማጣት ሲሉ ሱሁርን የሚዘሉ አሉ፤ እኔ ግን ትንሽም ብትሆን አልተዋትም፣ በሱሁር ውስጥ በረካ (በረከት) እንዳለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስላስተማሩ።

ከረኀቡም ከጥሙም ይልቅ ብዙ ማሰብ የጠየቀኝ ቡናው ነው። ወሎ ውስጥ ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሳይጠናቀቅ መነሣት አይወደድም፣ ጎረቤትም ሲጠራ «ዛሬ አልጠጣም» ማለት ከቤት መራቅ ይመስላል። ከሰውነት አንጻርም ጠዋትና ማታ ቡና የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ካፌይን ስለሚጎድለው ራሱን ያመዋል፤ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የመጨረሻው ስኒ ከተጠጣ ከ12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በጾም ቀን ልክ ሥራው በሚበረታበት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ እሑድና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የምጠጣውን ወደ አንድ ስኒ ዝቅ አደረግሁ፣ ሱሁር ላይም አንድ ስኒ ማታ ከተፈላ ጀበና አሙቄ መጠጣት ጀመርሁ። የጎረቤቶቼን ጉዳይ ደግሞ ባለቤቴ በቀላሉ ፈታችው፤ በጾማችን ቀን የእኛ ተራ ሲሆን ቡናው ከመግሪብ በኋላ እንዲፈላ አደረገች። አጠገባችን ያሉት እናትም፣ ክርስቲያን ናቸው፣ «ሐሙስ ማታ ነው የእናንተ ቤት ቡና» ብለው ራሳቸው ለሌላው ይናገራሉ።

ኢፍጧርን (ጾም መፍታትን) በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደሴ ከጦሳ ሥር ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይ ከተራራው ጀርባ የምትሰወረው ከመግሪብ ብዙ ቀደም ብላ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይም እንዲሁ ገደሉ ጥላ ሲያጠላ መሽቷል ያሰኛል። በዓይን ብቻ ተመሥርቶ ማፍጠር እዚህ አያዋጣም፣ አዛን ወይም የሰላት ሰዓት መቁጠሪያ ማየት ያስፈልጋል። እንደ ወቅቱ መግሪብ ከ12 ሰዓት አካባቢ እስከ 12 ከ50 ገደማ ድረስ ይለዋወጣል፤ ከሥራ ስመለስም ብዙ ጊዜ የሚደርስብኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ስለዚህ በፌስታል ጥቂት ቴምር፣ በሃይላንድም ውኃ ይዤ እሳፈራለሁ። ማፍጠርን ማቻኮል ሱና ስለሆነ ቤት እስክደርስ አላቆየውም።

አንድ ሐሙስ ሐረጎን እየወጣን ሳለ ስልኬን ደጋግሜ ማየቴን ያስተዋለው ረዳት፣ «ጋሼ፣ ጾመኛ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። ሰዓቱ ሲደርስ ቢስሚላህ ብዬ አንድ ቴምር ጎረስሁ፣ ፌስታሉንም አዞርሁለት። እርሱ ሁለት አንሥቶ አንዱን ለሾፌሩ እያቀበለ፣ «እናንተ ዛሬ፣ እኛ ደግሞ ነገ ነን» አለኝ። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎችም «አላህ ይቀበልዎት» አሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ጎረቤት ባለበት አገር ሰኞና ሐሙስ መጾም ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይህንንም ከወሎ ኑሮ የማገኘው ትልቅ እገዛ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በቤት ውስጥ ያለው ጉዳይ ከሁሉ በላይ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ሰልማን አል ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድማቸው አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሊዘይሩ ሄደው የአቡ ደርዳእ ባለቤት ችላ መባሏን ሲያዩ፣ ጾመኛውን አብረዋቸው እንዲበሉ አደረጉ፣ ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ (መብት) አላቸው ሲሉም መከሩ፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። ይህ ታሪክ ለእኔ መለኪያ ሆኖኛል። ጾመኛ ነኝ ብዬ ልጆቼን የምቆጣ ከሆነ፣ ከሥራ ተመልሼም የምተኛ ከሆነ የሱና ጾሜ የሌላውን ሐቅ እየበላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከዋዜማው ለባለቤቴ እነግራታለሁ፣ የቤት ሥራውን እንከፋፈላለን። እርሷም የረመዷን ቀዷዋን (ያመለጧትን የጾም ቀናት) በእነዚሁ ቀናት ትከፍላለች። ቀዷ ዕዳ ስለሆነ ቀድሞ ቢከፈል ይመረጣል፤ ሆኖም ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቀዷቸውን እስከ ሻዕባን፣ ከረመዷን በፊት እስካለው ወር፣ ያቆዩ እንደነበር በትክክለኛ ሐዲስ ስለተዘገበ እናቶችን ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

እንግድነትም የራሱ ሕግ አለው። አክስቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ አንድ ሰኞ ሳልጠብቀው ምሳ ሠርታ ጠራችኝ። ዶሮ አርዳለች፣ እንጀራውን ቆርሳ በእጇ ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗም ፊቴ ላይ ነው። የሱና ጾም እንዲህ ላለው ጊዜ ሰፊ ነው፤ ጾመኛ ተጋባዥ ጾሙን ይዞ ለቤቱ ባለቤት ዱዓ ማድረግ ይችላል፣ ባለቤቱ የሚከፋው ከሆነ ደግሞ መብላት ይችላል። እኔ በላሁ። በሻፊዒይ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ አስተምህሮ) የሱና ጾምን ያቋረጠ ቀዷ አይጠየቅም፣ በሐነፊይ ግን ይጠየቃል፤ ሁለቱም መዝሀቦች በአካባቢያችን ስላሉ እኔ ለልቤ እንዲመቸኝ በሌላ ቀን ተክቼ ጾምሁት። አክስቴ ግን ይህንን ሁሉ አታውቅም፣ እንድታውቅም አልፈልግም።

ኒያም፣ ማለትም ለመጾም በልብ መወሰን፣ እንዲሁ ቀላል ተደርጓል። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ለፈርድ (ግዴታ ለሆነ) ጾም ከሌሊት ኒያ ማድረግ ግድ ሲሆን፣ ለሱና ጾም ምንም ያልበላና ያልጠጣ ሰው በማለዳ መነየት ይችላል፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ገብተው የሚበላ እንዳለ ጠይቀው የለም ሲባሉ «እንግዲያው ጾመኛ ነኝ» ማለታቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። የሻፊዒይ ዑለማዎች ፀሐይ ከአናት ከማዘንበሏ በፊት መሆን አለበት ይላሉ። እኔ ግን በተቻለኝ መጠን ከማታ እነይታለሁ፤ ጠዋት ላይ የሚወሰን ነገር ለስንፍና በር ይከፍታል።

ሁለቱ ቀናት ከጸኑ በኋላ የጨረቃውን ወር 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ ቀን፣ አያመል ቢድን፣ ጨመርሁ። ከዚያ በላይ ለመሄድ የልብ ፍላጎት ቢኖረኝም አልቸኮልሁም። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) በወጣትነታቸው በየቀኑ ሲጾሙ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወር ሦስት ቀን እንዲበቃቸው መከሯቸው፣ እርሳቸው ግን እየጨመሩ ጠይቀው በመጨረሻ የነብዩ ዳውድን ጾም፣ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን መብላትን፣ ያዙ፤ በሸመገሉ ጊዜ ምነው ያኔ ቅለቱን በተቀበልሁ ማለታቸው ተዘግቧል። የስኳር ሕመም ወይም በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ባይጀምር ይሻላል፣ ግዴታ ባልሆነ ጾም ራስን መጉዳት አይፈቀድምና።

በዓመቱ ውስጥ የሚጾሙትን ሌሎች ቀናት በግድግዳ የቀን መቁጠሪያዬ ላይ ቀድሜ ምልክት አደርግባቸዋለሁ፤ የዙልሒጃ 9ኛውን የዐረፋ ቀን፣ የሙሐረም 9ኛና 10ኛውን፣ ሻዕባንንም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከረመዷን ውጭ አብዝተው የጾሙበት ወር ስለሆነ። የማይጾሙትንም እንዲሁ አሠምርባቸዋለሁ፤ ሁለቱ ዒዶችና ከዒደል አድሓ ቀጥለው ያሉት ሦስት ቀናት። የዙልሒጃ 13ኛው ከእነዚህ አንዱ ስለሆነ በዚያ ወር አያመል ቢድን የምጾመው 14፣ 15 እና 16 አድርጌ ነው፤ ሰኞ ወይም ሐሙስ ከክልክሉ ቀን ጋር ቢገጥምም እበላለሁ።